የድሮ ሞተር ጀልባ ድራይቭ ሲሞት፦ ማስጠገን፣ ያገለገለ መግዛት ወይስ አዲስ?

እዚህ አሜሪካ የ1980ዎቹ ሞተር ጀልባ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል። አካሉ ደህና ነው፣ ሞተሩም ይነሳል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከኋላ የተንጠለጠለው ድራይቭ ላይ ነው፤ የሞተሩን ኃይል በማርሽ ወደ ፕሮፔለሩ የሚያደርሰው ክፍል ማለት ነው። ሰው ደግሞ ወዲያው ዋጋ ወደ መጠየቅ ይሮጣል። እኔ የምለው፣ ከዋጋው በፊት የያዛችሁትን እወቁ። የማይገጥም ድራይቭ በርካሽ ከመግዛት የባሰ ኪሳራ የለም።

በብዛት የምታገኙት ሜርክሩዘር የተባለው ኩባንያ የሠራውን አልፋ ዋን የሚባል ድራይቭ ነው። እስከ 1990 ያለው ጄኔሬሽን 1፣ ከ1991 ወዲህ ያለው ጄኔሬሽን 2 ይባላል። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገጥምም። ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ጋር የሚያያዘው ክፍል የተለያየ ነው። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ከድራይቩ ጋር በቱቦ የተገናኘ የማርሽ ዘይት ጠርሙስ ካያችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ጄኔሬሽን 2 ነው። እርግጠኛ ለመሆን ግን ሴሪያል ቁጥሩን ፈልጉ። ሞተሩ፣ የኋላ ግድግዳው ላይ ያለው ክፍልና ድራይቩ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው። ሦስቱንም ፎቶ አንሱ።

ቀጥሎ የሚመጣው ሬሾ ነው። ሞተሩ ስንት ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለሩ አንዴ ይዞራል ማለት ነው። በጄኔሬሽን 1 ላይ 3.0 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በተለምዶ 1.98 ይይዛል፤ 4.3 ሊትሩ ቪ6 1.84፣ 5.7 ሊትሩ ቪ8 ደግሞ 1.50። ድራይቩ ላይ የተለጠፈውን ብቻ አትመኑ። በሠላሳ ምናምን ዓመት ውስጥ አንድ ባለቤት ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ድራይቩ ወርዶ ከሆነ በእጅ ቁጠሩት። ወደፊት ማርሽ አስገቡት፣ አንዱ የፕሮፔለር ክንፍ ላይ ቴፕ ለጥፉ፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ዘንግ አዙሩ። ፕሮፔለሩ አሥር ዙር እስኪሞላ ዘንጉ ሃያ ያህል ከዞረ 1.98 ነው፤ አሥራ አምስት ከሆነ 1.50። ለቪ8 የተሠራውን 1.50 ባለ አራት ሲሊንደሩ ላይ ብትገጥሙት ሞተሩ ይጨነቃል፣ ጀልባው ከውኃው በላይ ለመነሳት ይቸገራል።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የማያውቀው መልካም ነገር አለ። በጄኔሬሽን 1 ሬሾውን የሚለየው የላይኛው ክፍል ነው። የታችኛው ክፍል ማርሽ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ድንጋይ መታችሁ ታችኛው ብቻ ከተሰበረ፣ ሙሉ ድራይቭ አትግዙ። የታችኛውን ብቻ ፈልጉ፣ ጄኔሬሽኑ ይግጠም እንጂ ሬሾ አያስጨንቃችሁም።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። ማስጠገን የሚያዋጣው ጉዳቱ ትንሽ ሲሆን ነው፤ ዘይት ማገጃ ጎማ ሲያረጅ ወይም አንድ ኩሽኔታ ሲበላሽ። ማርሾቹ ከተበሉ የመካኒኩ የሰዓት ክፍያ ብቻውን ያስደነግጣል።

ያገለገለ ርካሽ ነው፣ ግን ዓይን ይፈልጋል። የታችኛውን የዘይት ብሎን ትንሽ አላሉትና ዘይቱን ጣታችሁ ላይ ተቀበሉ። ወተት መስሎ ከመጣ ውኃ ገብቶበታል። ብሎኑ ጫፍ ላይ ያለው ማግኔት ደቃቅ ጭቃ መሰል ብናኝ ቢይዝ አያስፈራም፤ የብረት ስባሪ ከያዘ ግን ትታችሁት ሂዱ። ሻጩ በአየር ግፊት እንዲያስፈትሽ ጠይቁ፣ እምቢ ካለ አልገዛም በሉ። ከየት እንደመጣም ጠይቁ። ፍሎሪዳ ጨው ውኃ ውስጥ የኖረ ድራይቭ ቀለሙ ሥር አሉሚኒየሙ እየተበላ ሊሆን ይችላል። የሚኒሶታ ሐይቅ ላይ የኖረው ከዚህ ይተርፋል፣ ግን ውስጡ ውኃ ካለ ክረምት ላይ በረዶ ሆኖ የድራይቩን የብረት አካል ይሰነጥቀዋል። የፀጉር ስንጥቅም ብትሆን ፈልጓት።

ላይኛውም ታችኛውም ከሞተ፣ የእኔ ምርጫ በሌላ ኩባንያ የተሠራ አዲስ ተተኪ ነው። ኤስኢአይ የተባለው ኩባንያ የሚሸጠው ኤስኢ106 የሚባል ድራይቭ በጄኔሬሽን 1 ቦታ ይገጥማል። ኦሪጅናል አይደለም ብለው የሚንቁት አሉ። እኔ ግን ታሪኩ ከማይታወቅ ኦሪጅናል ይልቅ ዋስትና ያለው አዲስ እመርጣለሁ። ስታዙ ሬሾውን ለይታችሁ ተናገሩ፣ የዋስትናውን ወረቀትም አንብቡ።

የእናንተ ድራይቭ ኦኤምሲ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኮብራ ከሆነ ምክሬ ሌላ ነው። ከ1986 እስከ 1993 ነው የተሠራው፣ ኩባንያው በ2000 መጨረሻ ከስሯል። መለዋወጫው እየመነመነ ነው። ትንሽ ጥገና ከሆነ አድርጉት፤ ዋናው ማርሽ ከሄደ ግን ገንዘባችሁን ሌላ ጀልባ ላይ አውሉት። ቮልቮ ፔንታ የተባለው ኩባንያ የሠራው ከሆነ መለዋወጫው ይገኛል፣ ግን ይወደዳል።

ምንም ምረጡ ምን፣ ድራይቩ ወርዶ ሳለ በድራይቩና በጀልባው መካከል ያሉትን እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፉ የጎማ ሽፋኖች አብራችሁ ቀይሩ። ከተቀደዱ ወደ ጀልባው ውኃ የሚገባው በእነሱ ነው። የኋላ ግድግዳው ላይ ባለው ክፍል ውስጥ ያለውን ኩሽኔታ በጣት አዙሩት፤ ከሻከረ ይቀየር። በመጨረሻ ሞተሩ በመስመር ላይ መሆኑን የሚፈትሹበትን ማስተካከያ ዘንግ ተውሳችሁ በኩሽኔታው በኩል ወደ ሞተሩ አስገቡ። በሁለት ጣት ግፊት መግባት አለበት። ካልገባ ሞተሩ ከመስመር ወጥቷልና፣ እሱ ሳይስተካከል አዲሱን ድራይቭ አትግጠሙ።