የሲፒኤ ፈተና፦ የድሮው ወይስ አዲሱ?

በአሜሪካ የሒሳብ ባለሙያነት ፈቃድ የሚያሰጠው የሲፒኤ ፈተና እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 መልኩን ቀይሯል። የድሮውም አዲሱም አራት ክፍል አላቸው። እያንዳንዱ 4 ሰዓት ይፈጃል፤ ማለፊያውም 75 ነው። እስከዚህ ያው ናቸው።

ልዩነቱ ምርጫው ላይ ነው። በድሮው ሁሉም ሰው ኦዲት፣ የፋይናንስ ሪፖርት፣ ታክስና ሕግ፣ እንዲሁም የንግድ ከባቢን ይፈተን ነበር። አዲሱ የመጨረሻውን አስወጥቶ ሦስቱን ለሁሉም የጋራ አደረገ። አራተኛውን ተፈታኙ ይመርጣል፦ የቢዝነስ ትንተናና ሪፖርት፣ የመረጃ ሥርዓትና ቁጥጥር፣ ወይም የታክስ ዕቅድ።

የድሮው ጥሩ ጎን ነበረው። ሁሉም የሚለካው በአንድ ሚዛን ነበር። በጽሑፍ የሚመለስ ጥያቄም ነበረው፤ አዲሱ ግን ትቶታል። ይሄ እኔን ቅር ይለኛል። ደንበኛ ቁጥር ብቻ አይበቃውም፤ የሚገባው ማብራሪያም ይፈልጋል።

ቢሆንም እኔ ከአዲሱ ጋር ነኝ። የሒሳብ ሥራ ዛሬ ሶፍትዌር ውስጥ ገብቷል፤ የሥርዓት ቁጥጥር የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ሁሉንም ለሁሉም ማስጠናት ደግሞ የትም አያደርስም። ምርጫውም ወጥመድ አይደለም። የመረጠው ክፍል ያልሆነለት ወደ ሌላው መዞር ይችላል። ፈቃዱም ለሁሉም አንድ ነው፤ ታክስ የመረጠ ኦዲት አይሠራም የሚል ነገር የለም።