ቦይለሬን ሊያስጥሉኝ ነበር

ባለ 80 ሊትር ነው። ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ያለው ቤታችን ተሠርቶ ሲያልቅ የተሰቀለ፣ ዘንድሮ ሰባተኛ ዓመቱን የያዘ። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ማታ ማታ ውሃው ለብ ከማለት አላልፍ አለ፤ በዚያ ላይ የሻወሩን መክፈቻ በእርጥብ እጄ ስነካው ጣቴን እንደ ሳማ ይለበልበኝ ጀመር። መጀመሪያ የጠራሁት ሠራተኛ ክዳኑን እንኳን ሳይፈታ በጣቱ ኳ ኳ አደረገውና «አለቀለት፣ እናቴ፤ አዲስ ይግዙ» አለኝ። የአዲሱን ዋጋ ጠይቄ ከሰማሁ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ውሃ በድስት እያፈላሁ ታጠብኩ። ባንክ ቤት 28 ዓመት ገንዘብ ከፋይ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ሳልቆጥር ብር የሰጠሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ይህን የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ሠራተኛ ነው። ስሙንና ስልኩን ልጻፍ ብዬ ብጠይቀው «እትዬ፣ አሁንም ወረፋው በዝቶብኛል» ስላለኝ ትቼዋለሁ። ጥገና ቤቱ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጭ ይቆማል። ቀና ሲሉ የተቃጠሉ የማሞቂያ ዘንጎች እንደ ቋንጣ በሽቦ ላይ ተሰቅለው ይታያሉ። ልጁ ሠላሳ ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም።

ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ተባብለን 8 ሰዓት ላይ መጣ። የገበያ ቀን ነው፤ ዝናቡም መንገዱን ዘግቶበታል፤ ቢሆንም አምስት ሰዓት ሙሉ በር በሩን ሳይ ውያለሁና ይህን አልደብቅለትም። ከገባ በኋላ ግን ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት ጠየቀኝ። ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያበሩት? ስንት ሰዓት ላይ ይታጠባሉ? የሚለበልብዎ ሲበራ ብቻ ነው ወይስ ሲጠፋም? ሐኪም ቤት እንኳን ይህን ያህል የጠየቀኝ የለም።

የሚለበልበው ሲበራ ብቻ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ሳጥን ሲከፍተው ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ፣ ማለትም የሚሾልከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው የመሬት መስመር፣ ተቆርጦና ታጥፎ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ሰባት ዓመት ያለ መሬት መስመር ታጥበናል ማለት ነው። ቦይለሩን አጥፍቶ፣ ውሃውን አፍስሶ የታችኛውን ክዳን ሲፈታ ደግሞ ማሞቂያው ዘንግ ነጭ ቅርፊት ለብሶ፣ ከአንዱ በኩል ተሰንጥቆ አገኘው፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው የሚሾልከው በዚያ ነበር። ከጎኑ አንድ ቀጭን የብረት ሽቦ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ይህ የማግኒዥየም ዘንግ ነበር» አለኝ። ሲገባ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ከጋኑ ብረት ቀድሞ እሱ እንዲበላ ተብሎ የሚገባ ነገር ነው። አልቆ መሐሉ ያለው ሽቦ ብቻ ቀርቷል። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መታየት ነበረበት፤ እኔ መኖሩንም አላውቅም። ጋኑ ግን አልተበሳም። «የሚጣል ቦይለር አይደለም» ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። ሴፍቲ ቫልቩ፣ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት ቧንቧ ላይ ያለችው ትንሽዬ ነገር፣ ቦይለሩ በበራ ቁጥር ጠብ ጠብ ትላለች። ድምፁ እንቅልፍ ስለነሳኝ የመጀመሪያውን ሠራተኛ «ይህችን ዝጋልኝ» አልኩት፤ እሱም ሳያቅማማ እንጨት ቀርጾ፣ ቴፍሎን ጠቅልሎ ደፈናት። ገንዘብም ተቀበለኝ። ልጁ እንጨቱን ሲያይ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «ይህን ማን ደፈነው?» አለኝ፤ ድምፁ ተለውጦ ነበር። እኔ ነኝ ያስደፈንኩት አልኩት።

ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሲወጣ 80 ሊትሩ ከአንድ ሊትር በላይ ይጨምራል፤ ያ ትርፍ የግድ መውጫ ይፈልጋል። ሲሞቅ ትንሽ መንጠብ ጤንነት ነው። ሳይሞቅም ቀኑን ሙሉ ከፈሰሰ ያን ጊዜ ቫልቩ ተበላሽቷል ወይም የመስመሩ ግፊት በዝቷል። ተደፍኖ ሳለ ተርሞስታቱ ቢጣበቅና ማጥፋት ቢያቅተው ግን ውሃው መውጫ አጥቶ ከ100 ዲግሪ አልፎ ይሞቃል፤ ጋኑ ሲፈነዳ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ የልጅ ልጄ ትተኛለች። ልጁ እንጨቱን በፒንሳ ነቅሎ ጣለው፤ የቫልቩን አፍ በቀጭን ጎማ ወደ ባልዲ አወረደልኝ። ዛሬ በዚያ ውሃ ጤና አዳሜን አጠጣለሁ። ድምፁም የለም።

የጎደለውን ዕቃ ጽፎ ሰጠኝና ባጃጅ ይዤ ራሴ ገዛሁ፤ ማሞቂያ ዘንግ፣ የማግኒዥየም ዘንግ፣ ጎሚኒ፣ ለመሬት መስመሩ 1 ሜትር ከ50 የሚሆን የመዳብ ዘንግ፣ 30 ሚሊአምፔር ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲሾልክ የሚቆርጥ ብሬከር። የመጨረሻውን ለምን እንደሚያስፈልግ ተከራክሬዋለሁ፤ ባለ 16 አምፔር ብሬከር አለኝ ብዬ። ያኛው የሚጠብቀው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው አለኝ። ሰው ለመግደል ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ስለሚበቃ፣ ባለ 16ቱ ሰው ተይዞ እያለ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከፈልኩ። የመዳብ ዘንጉን ከጓሮ ቡናዬ አጠገብ በመዶሻ ሲመታው በዝናብ የራሰው ቀይ አፈር እንደ ቅቤ ተቀበለው። ብሬከሩ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ እንድጫን ነግሮኛል፤ ጡረታዬን በምቀበልበት ቀን እጫናታለሁ።

ቡና አፍልቼ እስኪጠጣ መሸ፤ እሱም የፈለገው ይህን ነበር። ከቀትር በኋላ ሲለካ 223 ቮልት የነበረው ማታ 1 ሰዓት ላይ 181 ሆነ። ጎረቤቱ በሙሉ ምጣድና ምድጃ የሚያበራበት ሰዓት ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ቦይለሩ ላይ 1500 ዋት ተብሎ የተጻፈው በ220 ቮልት ሲሠራ ነው። በ180 ቮልት 1000 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ቮልቱ በአምስተኛ ገደማ ሲቀንስ ኃይሉ በሲሶ ይቀንሳል። አላመንኩትምና በወረቀት አሰላሁት፤ ልክ ነው። 80 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ በሙሉ ኃይል ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በ180 ቮልት ግን ወደ ሦስት ሰዓት ተኩል ከሩብ። እኔ 12 ሰዓት ላይ አብርቼ 2 ሰዓት ላይ እታጠብ ነበር። ቦይለሩ ምን ያድርግ? አሁን 9 ሰዓት ላይ አብርቼ 12 ሰዓት ላይ አጠፋዋለሁ፤ ሽፋኑ ሙቀቱን ይዞ ያቆይልኛል።

ሌላው የወደድኩለት ሊሸጥልኝ ይችል የነበረውን አለመሸጡ ነው። ለቦይለሩ ስታቢላይዘር ልግዛ ስለው ለፍሪጁ ይግዙ አለኝ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣም ፍሪጁን ነቅዬ አምስት ደቂቃ እንድጠብቅ፣ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረግብ ከተነሳ ሊቃጠል እንደሚችል ነገረኝ። የሻወሩ ውሃ ደካማ ስለሆነ ፓምፕ ላስገባ ስለውም ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሮቶውን አየ። ከሮቶው ሥር እስከ ሻወሩ ራስ ሁለት ሜትር ነው፤ አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ግፊት ቢሰጥ የእኔ 0.2 ባር ብቻ ነው። የሻወሩን ራስ ፈትቶ በሆምጣጤ ዘፈዘፈልኝ፤ ከቀዳዳዎቹ ግማሾቹ ተደፍነው ኖሯል። ፓምፑን ረሳሁት።

ዕቃውም የእጅ ዋጋውም ተደምሮ የአዲሱን ቦይለር ሩብ አልሞላም። ቅር ያለኝን ልናገር፤ ደረሰኝ አይሰጥም፣ ሳሎኑን በጭቃ ጫማ ነው ያለፈው፣ ሳጥኑን ለመክፈት የሰበረውን ግድግዳም ሳይለስን ሄደ። «ቅዳሜ መጥቼ እለስነዋለሁ» ብሎኝ ነበር። ሦስት ቅዳሜ አለፈ፤ ቀዳዳውን በቀን መቁጠሪያ ሸፍኜዋለሁ።