«ዋይት ባላንስ ብቻ ነው» የተባለ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት

ያገለገለ ቪዲዮ ካሜራ ፍለጋ ላይ ያላችሁ፣ በተለይ ሦስት ሴንሰርና ብርሃኑን ለሦስት ቀለም የሚከፍል ፕሪዝም ያለውን ትልቁን የትከሻ ካሜራ የምትፈልጉ፣ ከሻጮች ይህቺን አባባል ስትሰሙ ቆም በሉ፦ «ቀለሙ ትንሽ ይዛባል፤ ዋይት ባላንስ ብቻ ስለሆነ ሜኑ ገብታችሁ ታስተካክሉታላችሁ።» ዋጋውም ከእኩዮቹ ቀነስ ብሎ ይቀርባል። መዛባቱ በመላው ምስል ላይ እኩል ከሆነ እውነታቸውን ነው፣ ባንድ ቁልፍ ያልቃል። የምስሉ ግራ አረንጓዴ፣ ቀኙ ማጀንታ (ወደ ሮዝ የሚያደላ ሐምራዊ) ከሆነ ግን ቁልፉን ስንት ጊዜ ብትጫኑት አይድንም። ካሜራ ሲሸጥ የኖረ ሰው ይህን አያውቅም ማለት ይከብዳል።

ዋይት ባላንስ፣ ማለትም ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገው ማስተካከያ፣ የሚሠራው የቀዩንና የሰማያዊውን ሲግናል ከአረንጓዴው ጋር እስኪስተካከሉ ከፍ ዝቅ በማድረግ ነው። ይህም ፍሬሙን በሙሉ ባንድ መጠን ይነካል። የግራውን አረንጓዴ ለማጥፋት ስትገፉት የቀኙ ማጀንታ ይብስበታል።

ልዩነቱን ቬክተርስኮፕ፣ የምስሉን ቀለም በነጥብ የሚያሳየው መለኪያ፣ ወዲያው ያወጣዋል። ነጭ ካርድ ፍሬሙን ሲሞላው ስኮፑ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ መታየት አለባት። ነጥቧ እንደተሰበሰበች ከመሃል ወጣ ብላ ከተቀመጠች ጉዳዩ የዋይት ባላንስ ነው። ተጎትታ መስመር ከሠራች ወይም እንደ ጭጋግ ከተበተነች ግን ሼዲንግ የሚባለው፣ ቀለሙ ከምስሉ ቦታ ቦታ የሚለያይበት ችግር ነው፤ ዋይት ባላንስ መስመሩን ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አይሰበስበውም። ስኮፕ ከሌላችሁ የቀረጻችሁትን ነጭ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት) እስከ መጨረሻው ጎትቱት። ሼዲንግ ካለ ቅድም ነጭ ይመስል የነበረው ካርድ ግማሹ አረንጓዴ ግማሹ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ እሱ ራሱ ዘንበል ሲል ቀለም ይቀይራል።

ፈተናው በጥንቃቄ ካልተሠራ ጤነኛውንም በሽተኛ ያስመስላል። ካሜራው በርቶ ግማሽ ሰዓት ይሙቅ፤ ሲሞቅ ብቻ የሚወጣ ጥፋት አለ። የማያንጸባርቅ ነጭ ካርድ፣ ብርሃን እኩል ያረፈበት። ጌይን (ሲግናሉን የሚያጎላው) 0 ዲቢ፣ ሹተር ጠፍቶ፣ ኤክስቴንደር (ሌንሱ ውስጥ ያለው ተጨማሪ ማቅረቢያ) ወጥቶ፣ ሌንሱ ፊት የተገጠመ ፊልተር ሁሉ ተነስቶ፣ ዙም መሃል ላይ፣ አይሪስ (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ኤፍ 5.6 አካባቢ፣ ዌቭፎርሙ (የብርሃን መጠን መለኪያው) ላይ ነጩ 70 በመቶ ገደማ። የካርዱ ሸካራነት እንዳይታይ ፎከሱን አደብዝዙት። መጀመሪያ ብላክ ባላንስ (የጥቁሩን ማስተካከያ)፣ ቀጥሎ ዋይት ባላንስ ውሰዱ። ከዚያ የካሜራውን ላዩን ወደ ታች ገልብጡት። አረንጓዴው በምስሉ ያው ጎን ላይ ከቀረ ጥፋቱ የካሜራው ነው፤ ወደ ሌላው ጎን ከዞረ የመብራቱ ነው፣ ሻጩን አትወቅሱት።

አሁን አይሪሱን ሙሉ ክፈቱት፣ ቀጥሎ እስከ ኤፍ 11 ዝጉት፤ ዙሙንም ከሰፊው እስከ ቅርቡ አስኪዱት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ገዢ የሚሸወደው። ፕሪዝሙ ላይ ያለው ቀለም ለያይ ሽፋን ብርሃኑ በሚገባበት ማዕዘን ልክ ባሕርዩ ይለወጣል፤ ማዕዘኑን ደግሞ ሌንሱ፣ ዙሙና አይሪሱ ይወስኑታል። ስለዚህ አንድ ሻጭ በአንድ ሌንስና በአንድ አይሪስ አስተካክሎ ንጹሕ ነጭ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ አይሪሱ ሲከፈት ማጀንታው ከላይ ወይም ከታች ብቅ ይላል። አይሪስ ጨርሶ ሲከፈት ጥቂት መዛባት ያለ ነው። ኤፍ 5.6 ላይም ጎልቶ ከታየ ግን ተዉት።

ማስተካከያው የጥገና ሜኑ ውስጥ ዋይት ሼዲንግ በሚለው ሥር ይገኛል። ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለየብቻ ኤች ሶው፣ ኤች ፓራ፣ ቪ ሶው፣ ቪ ፓራ የሚባሉ ቁጥሮች አሉ። ኤች አግድም፣ ቪ ቁልቁል ነው፤ ሶው ከዳር እስከ ዳር ያዘነበለውን ያቀናል፣ ፓራ ደግሞ መሃሉና ጠርዙ የተለያዩበትን። የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ የነበሩትን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ቀዩንና ሰማያዊውን ከአረንጓዴው ጋር ያገጣጥማል። ስትገዙ ይህን ገጽ አስከፍቱ። አንዱ ቁጥር ጫፍ ላይ ተገፍቶ ከተገኘ አንድ ነገር እየተሸፈነ ነው።

መውደቅ ያገኘው ፕሪዝም ከሁሉ የከፋው ነው። ለካሜራው ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ነጭ ላይ አሳዩት። የምስሉ መሃል ላይ መስመሩ ባንድ ወገን ቀይ ወይም ሰማያዊ ጥላ ካወጣ ሴንሰሮቹ ተናግተዋል፤ ፕሪዝሙ ላይ የተጣበቁ ስለሆኑ በመፍቻ የሚመለሱ አይደሉም፣ ፕሪዝሙና ሴንሰሮቹ ያሉበት ብሎክ በሙሉ ይቀየራል። ጥላው ጠርዝ ላይ ብቻ ታይቶ በግራና በቀኝ ተቃራኒ ከሆነ የሌንስ ጠባይ ነው። ክዳኑን ከድናችሁ ጌይኑን 18 ዲቢ ስታደርጉ አንድ ጥግ ሐምራዊ ከበራና ብላክ ባላንስ ካላጠፋው እሱም መጥፎ ምልክት ነው።

«ለት ጫኑበት» የሚለውን ምክርም አትስሙ። ለት (LUT) የሚባለው የቀለም መቀየሪያ ፋይል አንድን ቀለም በሌላ ይተካል፤ ያ ቀለም ምስሉ ላይ የት እንደተቀመጠ አያውቅም። ከእጅ አይሻል ዶማ። ኤዲቲንግ ላይ በማስክ (የምስሉን አንድ ክፍል ብቻ መርጦ) ማቃናት ካሜራው ካልተንቀሳቀሰ ይሠራል፣ ዙም በተደረገ ቁጥር ግን ቅርጹ ይለወጣል።

ባለ አንድ ሴንሰር ካሜራ ላይ አንዳንዴ ጥፋተኛው ሌላ ነው። በኤክስ ቅርጽ የጠቆረ ምስል የሚመጣው ብርሃን የሚቀንሰው ተለዋዋጭ ኤንዲ ፊልተር ከልክ በላይ ሲዞር ነው። ወደ ላይ ወደ ታች የሚጓዝ የቀለም ሰንበር የመብራት ብልጭታ ነው፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉ 50 ኸርዝ ከሆነ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100፣ 60 ከሆነ 1/60 ወይም 1/120 አድርጉና እዩት።

ከሩቅ የምትገዙ ከሆነ ካሜራው የቀረጸውን ያልተነካ ፋይል አስልኩ፦ ነጭ ግድግዳ አይሪሱ ተከፍቶ፣ ኤፍ 5.6 ላይ፣ ኤፍ 11 ላይ፣ እንዲሁም ክዳኑ ተከድኖ። በስልክ ስክሪኑን አንስቶ የሚልክ ሻጭ አይጠቅማችሁም። ማስታወቂያው «ቀለም ይዛባል» የሚል ከሆነ ምን ዓይነት መዛባት እንደሆነ በጽሑፍ አስገልጹት፤ አለዚያ ነገ ስትመልሱለት «አውቃችሁ ነው የገዛችሁት» ይላችኋል። ሌንስ ሲቀየር መዛባቱ ድራሹ ከጠፋ ግን ሌንሱን ለባለቤቱ ትታችሁ በቦዲው (በካሜራው አካል) ብቻ ተደራደሩ።