«ሸሞንሟናዬ» ወይስ «ላላ በሉ»?

የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹን የኃይሉ መርጊያን ሙዚቃ ከየቱ ልጀምር ለሚል ሰው ሁለት አልበሞችን ላወዳድር። አንዱ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተቀዳው «ሸሞንሟናዬ» ነው፤ ሌላው በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው «ላላ በሉ»።

በመጀመሪያው ኃይሉ ብቻውን ነው የሚጫወተው። አኮርዲዮኑን ይዞ፣ ከሥር ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ደርቦ፣ የድሮ ዜማዎችን ያንቆረቁራል። ማሽኑ ደረቅ ነው፤ ምቱ ንቅንቅ አይልም። አኮርዲዮኑ በላዩ ሲንሳፈፍ ግን ያ ድርቀት ራሱ ይጥማል። የውጭው ዓለም ካሴቱን ያወቀው በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲታተም ነው። ያኔ ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ኪቦርዱም ከመኪናው አይጠፋም ነበር።

«ላላ በሉ» ላይ ቶኒ በክ ከበሮ፣ ማይክ ማይኮውስኪ ቤዝ ይጫወታሉ። ሦስት ሰው ሲደማመጥ ይሰማል። መክፈቻው ትዝታ ነው፤ አሥር ደቂቃ ገደማ ይሄዳል፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ ይሞቃል። መዝጊያው ፒያኖ ብቻ።

በድምፅ ጥራት ሁለተኛው ይበልጣል፣ ክርክር የለውም። እኔ ግን ቶሎ ቶሎ የምመለሰው ወደ ካሴቱ ነው። ለስጦታ ከሆነ «ላላ በሉ»ን ግዙ፤ የከበሮ ማሽን ሲሰማ ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ብዙ ነው።