ለቢቢሲ ሬዲዮ 4 ሰዎች ምስጋና፣ ለንደን ለገባችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰው ሲጠቁም ጥሩ መካኒክ፣ ጥሩ ጠበቃ፣ ጤፉን የማትደባልቅ እንጀራ ጋጋሪ ይጠቁማል። እኔ ዛሬ የምጠቁማችሁ ሬዲዮ ጣቢያ ነው፣ ቢቢሲ ሬዲዮ 4። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም።

ለንደን የገባሁ ሰሞን በኬረርነት፣ ማለትም ሰው ቤት እየሄዱ በመንከባከብ ሥራ፣ መጀመሪያ የተመደብኩት ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቤት ነበር። በስሜ ጥሪኝ ይሉኛል፤ አያቴን የሚያህሉ ሰው በስም መጥራት አፌ እንቢ ስላለኝ እስከ መጨረሻው «ማዳም» እንዳልኳቸው ቀረሁ። ወጥ ቤታቸው መስኮት ላይ አሮጌ ሬዲዮ አለች። ሬዲዮ 4 በሚገኝበት ኤፍኤም 93.5 ላይ፣ መርፌዋ የምትቆምበት ቦታ፣ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ተደርጎባታል። ሬዲዮዋ ቀኑን ሙሉ አትጠፋም። ማስታወቂያ የለ፣ ዘፈኑም ከስንት አንዴ፣ ወሬ ብቻ። መጀመሪያ ላይ ራሴን አዞረችው።

አንድ ቀን እዚያ ለማደር ተራዬ ሆነ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ለስለስ ያለ ሙዚቃ መጣና አንዲት ሴት በረጋ ድምፅ ትደግም ጀመር። ቫይኪንግ፣ ዶገር፣ ፊሸር፣ ጀርማን ባይት… ስም ትጠራለች፣ ቁጥር ታስከትላለች፣ ደግሞ ስም። ዳዊት የምትደግም መስሎኝ ላማትብ ምንም አልቀረኝ። ለካ የመርከበኞች የአየር ትንበያ ነው። በብሪታኒያ ደሴቶች ዙሪያ ያለውን ባሕር 31 ቦታ ከፍለው ለእያንዳንዱ ነፋሱን፣ ዝናቡን፣ እይታውን ይናገራሉ። «ሬይን፣ ጉድ» ስትል ሰምቼ ስለነበር በማግስቱ ማዳምን «መርከብ ላይ ላለ ሰው ዝናብ ምኑ ነው ጥሩው?» አልኳቸው። ሻዩ ትን እስኪላቸው ሳቁ። «ጉድ» የተባለው እይታው ነው፣ ከ5 የባሕር ማይል በላይ ያሳያል ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ «ጉድ» ምን እንደሆነ ስነግራቸው ደግሞ እንደ አዲስ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ሲሰበር «ጉድ!» የሚሉት እሳቸው ሆኑ።

እንግሊዝኛ የተማርኩት እዚያ ወጥ ቤት ነው። ኮርስም ገብቼ ነበር፣ ግን ኮርሱ ላይ ሁሉም ሰው ቀስ ብሎ ያወራል፤ አውቶቡስ ውስጥ ማን ቀስ ይልልሻል?

በእኛ ሰዓት ልንገራችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ሲሞላ ስድስት ፒፕ፣ የሰዓት ምልክት ጩኸት፣ ይሰማል፣ አምስቱ አጭር፣ የመጨረሻው ረዘም ያለ። በፈረንጆቹ ከ1924 ጀምሮ ሰዓት የሚያሳውቁት በፒፕ ነው። ከዚያ «ቱዴይ» የሚባለው የዜና ፕሮግራም እስከ 3 ሰዓት ሚኒስትር ያፋጥጣል። ነገሩ ባይገባኝም ቃናው ገባኝ፤ «ዊዝ ግሬት ሪስፔክት» (በታላቅ አክብሮት) ካሉ ሊናከሱ ነው። 4 ሰዓት ላይ ከ1946 ጀምሮ ያለው የሴቶች ፕሮግራም ይመጣል። አንድ ቀን ስለ ማረጥ እንዲህ በግልጽ ሲያወሩ ደንግጬ ድምፁን ልቀንስ እጄን ስዘረጋ ማዳም «ተይው፣ አንቺም ይደርስሻል» አሉኝ። ተውኩት። እናቴ ያልነገረችኝን ስንት ነገር ከዚያ ሰማሁ።

ዓርብ 9 ሰዓት ላይ ስለ አትክልት ነው፤ ቀንድ አውጣ ሰላጣውን የበላበት ሰው ሁሉ ይጠይቃል። ማታ 1 ሰዓት ደግሞ «አርቸርስ» አለ፣ አምብሪጅ የሚባል በሐሳብ የተፈጠረ የገጠር መንደር ድራማ። ከ1951 ጀምሮ ይተላለፋል፤ መጀመሪያ የታሰበው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበሬው ምርት እንዲያሳድግ ለማስተማር ነበር። በዚያ ሰዓት ስልክ ቢጮህ አይነሳም። ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ያለው ቀልድ ግን እስከ ዛሬ አላሳቀኝም፣ እውነቱን ልናገር።

ከሁሉ የምወደው ለማታ 5 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መጽሐፍ የሚተረክበትን ነው። አባቴ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ ማንም እንዲያስል አይፈቅድም ነበር። እዚህም አንድ ሰው ብቻ ይተርካል፣ እኔም ሳህን ማጠቤን አቆማለሁ።

አሁን ምስጋናዬ። ለታወቁት ጋዜጠኞች አይደለም፣ እነሱን የሚያመሰግን አያጡም። በፕሮግራምና በፕሮግራም መሐል ገብተው «ቀጥሎ ይህ ነው» ለሚሉት አስተዋዋቂዎች ነው። አንዱ ፕሮግራም ቀደም ብሎ ሲያልቅ ያቺን ክፍተት ሳይቸኩሉ ሞልተው ልክ ፒፑ ሊመታ ሲል ዝም ይላሉ። ሌሊት ትንበያውንም የሚያነቡት እነሱ ናቸው፤ ያቺን ረጅም ዝርዝር፣ አንድ ስም ሳይዘሉ፣ ባሕር ላይ ላለ ሰው እንዲሰማ አድርገው። ሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። እግዜር ይስጥልን።

አዲስ ለገባችሁ፦ ሬዲዮ ለማዳመጥ ላይሰንስ አይከፈልም፣ የሚከፈለው ለቴሌቪዥን ነው። በስልክም ይሰማል፣ ግን ፒፑ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሰዓታችሁን በእሱ እንዳትሞሉ። ተራ ኤፍኤም ሬዲዮ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ግዙ፣ ወጥ ቤት አስቀምጡ፣ ለመረዳት አትጨነቁ፣ ብቻ አታጥፉት። በሁለተኛው ወር ሳታስቡት ከሬዲዮው ጋር ስትከራከሩ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ።

ማዳም ካረፉ በኋላ ሬዲዮዋን ልጃቸው ለእኔ ሰጠችኝ። አሁን ምድጃዬ አጠገብ ናት። ቀይዋ ነጥብ ተልጣ ስለነበር ባለፈው ሳምንት የራሴን የጥፍር ቀለም ደረብኩባት።