እንጎቻ በኖርዌይ ምጣድ

ይህን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከገዛሁት 6 ዓመት ሆነኝ። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። ሣጥኑ ላይ «የለፍሴ መጋገሪያ» ተብሎ ተጽፏል እንጂ እንጀራ የሚል ቃል የለበትም። ለፍሴ ኖርዌያውያን ከተቀቀለ ድንች፣ ከዱቄትና ከቅቤ አቡክተው፣ በመዳመጫ አሳስተው የሚጋግሩት ቂጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1825 ጀምሮ በነበሩት መቶ ዓመታት ከ800 ሺህ በላይ ኖርዌያውያን ወደ አሜሪካ ተሰድደዋል፤ ብዙዎቹም የሰፈሩት በእኛ አካባቢ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ቋንቋውን ረስተውታል፤ ለፍሴውን ግን ገና በመጣ ቁጥር ይጋግራሉ። እኛ በሰው ናፍቆት ምጣድ ላይ ደረስን ማለት ነው።

ከዚህ በፊት ከአገር ቤት የመጣ ምጣድ ነበረኝ። ዘመድ ከአዲስ አበባ ድረስ ተሸክሞ፣ በጋቢ ጠቅልሎ አመጣልኝ። 220 ቮልት ይፈልጋል፤ የወጥ ቤቴ መሰኪያ ደግሞ 120 ነው። ለብ ከማለት አላለፈም። አሁን ምድር ቤት ውስጥ የክረምት ጫማ ተደርድሮበታል።

ወደ አዲሱ ልመለስ። ሙቀቱን አስተካክሎ ያዳርሳል፤ መሃሉ አሮ ዳሩ ጥሬ አይቀርም። እኔ 450 ፋራናይት ላይ አድርጌ እጋግራለሁ። ገጹ የማያጣብቅ ስለሆነ ጎመን ዘር አይፈልግም፤ ማሰሻውንም የማነሳው ከልማድ ነው። በዚህ ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር ይለኛል፤ የእንጀራ ቀን ጠዋት ቤቱን የሚሞላው ያ የተቃጠለ ጎመን ዘር ሽታ የለማ! ሌላው ጉድለት ኤሌክትሪኩ ነው። ምጣዱና ማይክሮዌቩ አብረው ከበሩ የቤቱ ቆጣሪ ይዘጋል፤ አንድ ቅዳሜ ሊጡን ምጣዱ ላይ እንዳፈሰስኩ ጨለማ ውስጥ ቀርቻለሁ።

ትልቁ ችግር ግን ክዳን የለውም። ጥፋቱ የሠሪው አይደለም። ለፍሴ ይገለበጣል፣ እንጀራ አይገለበጥም፤ ከላይ የሚያበስለው የራሱ እንፋሎት ነው። ያለ አክምባሎ የጋገርኩት የመጀመሪያው እንጀራ ዐይኑን ገልጦ ከላይ ሊጥ እንደሆነ ቀረ፤ ዳሩም ተሸበሸበ። መፍትሔውን ያገኘሁት ሜክሲኮዎች ሱቅ ነው፤ ታማሌ የሚሉትን ምግባቸውን የሚያበስሉበትን የትልቅ ድስት ክዳን ገዛሁ፤ ልክክ አለ። ጤፉም የአይዳሆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ የኖረው አሜሪካዊው ዌይን ካርልሰን አይዳሆ ላይ አስዘርቶ ለገበያ ያበቃው ጤፍ ዛሬ የብዙ አበሻ ቤት ሊጥ ነው። እርሾው ብቻ ነው የእኛ፤ እሱንም ከአንዲት ጓደኛዬ በእርጎ ጣሳ ተቀብዬ ነው። በጥር ወር ቤቱ ቀዝቅዞ አልቦካ ሲል ምድጃ ውስጥ መብራቱን ብቻ አብርቼ አሳድረዋለሁ።

ለእንጀራ ማውጫ ሰፌድ አለኝ፤ ዳሩን ለማንሳት ግን የሚበልጠው ከምጣዱ ጋር የመጣው ረጅምና ስስ የለፍሴ እንጨት ነው። አያያዙን ያሳዩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ አያቶቻቸው ከኖርዌይ የመጡ ባልቴት። የእሳቸው ምጣድ ከተበላሸ ወዲህ በየታኅሣሡ የእኔን ይዋሳሉ። አምና ሲመልሱልኝ «ለፍሴዬ ትንሽ ኮምጠጥ አለብኝ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ጋገራዎች እንጀራዬ ቅቤ ቅቤ ሸቶኛል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ስፋቱ። ይህ ምጣድ 40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የእናቴ የሸክላ ምጣድ ወደ 60 ይጠጋል። በቪዲዮ ስታየኝ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «እንጎቻ እየጋገርሽ ነው?» የሚል ነበር። እንጎቻ፣ የሊጥ ጥራጊ ተጠርጎ ለልጅ የምትጋገረዋ ናት። ሳስበው እውነቷን ነው፤ 6 ዓመት ሙሉ እንጎቻ ስጋግር ኖሬአለሁ። የምጣዱ ልክ ደግሞ የአበላላችንን ልክ ለወጠው። አንዱ እንጀራ ለአንድ ሰው ሆነ፤ ሰው በየሳህኑ ወጥ ጨምሮ ይበላል፤ ባለቤቴም ከሥራ ሲገባ የራሱን ያነሳል። አንድ ገበታ ላይ ቀርበን መብላት ለእንግዳና ለበዓል ቀርቷል። ያንን ማንም ተነጋግሮ አልወሰነውም።

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ስንሄድ የ7 ዓመት ልጄ ገበታው ላይ የተዘረጋውን እንጀራ አይታ «ይህ ሁሉ የማን ነው?» አለች። እማዬ ሳቀች፤ ከዚያ ተነሥታ የተረፈውን ሊጥ ጠርጋ ምጣዱ መሃል ላይ አፈሰሰችና ትንሽ እንጎቻ አወጣችላት። ልጄ እሷን ይዛ ሳህን ጠየቀች።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። የምትገዙ ከሆነ ክዳኑን አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ ሱቅ ስትሄዱ የምጣዱን ዙሪያ በክር ለክታችሁ ውሰዱ። አበሾች ራሳቸው ለእንጀራ ብለው የሚያሠሯቸው፣ ክዳን ያላቸው ምጣዶችም አሜሪካ ውስጥ ይሸጣሉ። ባለቤቴ አንዱን እንግዛ ይላል፤ እኔም አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው። ግን ታኅሣሥ ሲመጣ ጎረቤቴ በምን ይጋግራሉ?