ለዓመት በዓል የቱ ቀይ ወይን? የአርጀንቲና ማልቤክ ወይስ የባቱ ሲራ

ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲመጣ «ምን ላምጣ?» ይላል። ለበዓል ገበታ ጥሩ ቀይ ወይን ያሰበ ሰው መልሱ ይጨንቀዋል። ማልቤክም ሲራም ቀይ ወይን የሚሠራባቸው የወይን ፍሬ ዓይነቶች ናቸው። የአርጀንቲናው ማልቤክ ዋጋው ከአገር ቤቱ የባቱ ሲራ በጣም ይወደዳል። ለደሴ ገበታ ያን ያህል ይሻላል ወይ? እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ድስቱን እዩ።

ማልቤክ የሚመካው በከፍታው ነው። የሜንዶዛው ኡኮ ሸለቆ በአንዲስ ተራሮች ሥር፣ ከ900 እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ቀን ፀሐዩ ይበረታል፣ ሌሊት ይበርዳል። ፀሐዩ የፍሬውን ቆዳ ያወፍረዋል። ጥቁር ቀለሙም፣ ምላስ የሚያደርቀው ታኒንም ከቆዳው ነው የሚመጡት። የሌሊቱ ብርድ ደግሞ ኮምጠጥ የሚለውን ጣዕም ያቆይለታል።

ግን ከፍታ ብቻ ከሆነ የኛም አያንስም። የሪፍት ቫሊ ወይን የሚበቅልበት ባቱ (ዝዋይ) 1,600 ሜትር አካባቢ ነው። ወይና ደጋ ስንል እኮ ወይኑ ስሙ ውስጥ አለ። ልዩነቱ ክረምታቸው ነው። ሜንዶዛ ብርዳማ ክረምት ስላለው ተክሉ ይተኛል። ባቱ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ እንዲህ ያለ ብርድ አያገኝም።

ማልቤኩንና የባቱን ሲራ ታላቅ እህቴ ቤት ጎን ለጎን ቀዳናቸው። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል ስናደርገው ማልቤኩ መሃሉ የብዕር ቀለም መሰለ፣ ጠርዙ ወደ ሐምራዊ ይወስዳል። ሲራው ፈካ ይላል፤ ሽታው ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል። ከዚያ ዶሮ ወጡ ቀረበ። ማልቤኩ ከበርበሬው ጋር ተጣላ። አልኮሉ አቃጠለ፣ ታኒኑ መረረ። እህቴ አንድ ጊዜ ቀምሳ ውሃ አነሳች። በማግስቱ የተረፈውን ከበግ ጥብስ ጋር ጠጣነው። ስቡ፣ ጨውና የጥብስ ቅጠሉ ሲያገኙት ሌላ ወይን ሆነ! እስካሁን ጣዕሙ አፌ ላይ አለ።

ስለዚህ ጥብስ ወይም ጥሬ ሥጋ ካለ፣ አቅሙም ካለ፣ ማልቤኩን አስመጡ። ሚጥሚጣውን ብቻ ቀነስ አድርጉ። ጥብስም ወጥም የሚቀርብበት ገበታ ከሆነ ሲራው ይበቃል። ለዶሮ ወጥ ብቻ ከሆነ ግን ከሁለቱም ይልቅ አካሲያ የሚባለውን ከፊል ጣፋጭ ወይን እመርጣለሁ። እሱም የባቱ ነው። ጣፋጭነቱ በርበሬውን ያበርደዋል። ጣፋጭ ነው ብሎ የሚንቀው አለ፤ ከወጥ ጋር ይሞክረውና እንነጋገር። ጉደር ለለመደው ሰው መቼም ጉደር ነው፤ እንግዳ ሲበዛ አያሳፍርም።

ሙቀቱንም አትርሱ። ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ላይ ነው የሚጥመው። ደሴ ማታ ሳሎኑ ራሱ ይበቃል፣ ፍሪጅ አያስፈልግም። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ግን ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። አካሲያውን ደግሞ የትም ብትሆኑ ትንሽ ቀዝቀዝ አድርጉት።

አንድ ጊዜ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ገዝቼ፣ ቡሽ ገፍቶ ወጥቶ፣ ወይኑ የተቀቀለ ፍራፍሬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሻጩን ከኋላ፣ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠውን እንዲያወጣላችሁ ጠይቁት።